የመጨረሻው ተፈታኝ

መርማሪዋ ወደ ጎልማሶች ማሠልጠኛው ስትደርስ ነገሩ አልቆ ጠበቃት። ሳጅኑ ቀድሟት ገብቶ፣ ሬሳውን አይቶ፣ ምስክር ሰምቶ፣ ገዳይ ነው ያለውን ሰው እንኳ አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ በሩ ላይ ፖሊስ አቁሞበታል። እሷ ደግሞ ሳትደርስበት ያለቀ ነገር አይዋጥላትም። ባልደረቦቿ ከጀርባዋ «ወይዘሮ ለምን» የሚሏት ለዚህ ነው። ጉልበቷን ያማታል፣ እንቅልፍ አልጠገበችም፣ ጡረታዋ ደርሷል፤ ሥራው ከሰለቻትም ቆይቷል። ለምን ማለቱ ግን አልለቀቃትም።

«የሞተው ፈታኙ ነው፣ ኢንስፔክተር» አላት ሳጅኑ ኮሪደሩ ላይ አብሯት እየተራመደ። «ጎልማሶቹ ኮምፒውተር መቻል አለመቻላቸውን ሊመዝን ከትምህርት ቢሮ የተላከ ሰው ነው። ትናንት ሁሉንም ፈተነና አንድ ሰው ጣለ። የወደቀው ሰውዬ በሕዝብ ፊት ‹ዋጋህን ታገኛታለህ!› ብሎ ዛተበት። አመሻሽ ላይም ተመልሶ ሲመጣ ዘበኛው አይቶታል። ሌላ ምን ቀረን?»

«ለምን ወደቀ?»

«ስላልቻለ ነዋ! እንዴት ለምን ወደቀ ይባላል?»

ከኮምፒውተር ክፍሉ በር አጠገብ አንድ ሚስማር ተመትቶ ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል። መርማሪዋ ስለ ቁልፉ ሳጅኑን በዓይኗ ጠየቀችው።

«ሁልጊዜ እዚያው ነው የሚውለው» አለ ሳጅኑ። «ማንም አንስቶ ይከፍታል። ዛሬ ጠዋት አስተማሪዋ ስትመጣ በሩ ተቆልፏል፣ ቁልፉም ቦታው ላይ ነበር።»

ክፍሉ ረጅምና ጠባብ ነው። በግራና በቀኝ ግድግዳ ሥር የብረት ጠረጴዛዎች ተደርድረዋል፤ በየጠረጴዛው ላይ ያረጀ ስክሪን፣ ከሥሩ ሲፒዩው ያለበት ሳጥን። የፕላስቲክ ወንበሮቹ ጀርባቸው በፕላስተር ተጣብቋል። ፈታኙ በጥግ ባለው ጠረጴዛና በግድግዳው መሃል በጎኑ ተጋድሟል። መነጽሩ ከፊቱ ወልቆ ወድቋል፤ የጠረጴዛው የብረት ማዕዘን ላይ ደም ደርቋል። ጸጉሩ በጥንቃቄ የተበጠረ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጫማው ግን ሶሉ ያለቀ ሰው ነበር። ከአንድ ማሠልጠኛ ወደ ሌላው በእግሩ ሲዞር የኖረ ሰው መሆኑን አይታ መርማሪዋ አዘነችለት።

ከሁሉ ቀድሞ ጆሮዋን የያዘው ግን ድምፅ ነበር፤ ዝቅ ያለ፣ የማያቋርጥ ሽውታ። ጉልበቷን እየረገመች ጎንበስ አለችና በሬሳው አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ሥር ያለውን ሳጥን በመዳፏ ነካችው። ሞቋል። ስክሪኑ ጨለማ ነው፣ ትንሿ መብራቱም ጠፍታለች። ቀና ብላ ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየች። የሌሎቹ ኮምፒውተሮች ሁሉ ሶኬት ከግድግዳው ተነቅሎ ገመዱ ተንጠልጥሏል። የተሰካው የዚህኛው ብቻ ነው።

የስክሪኑን ቁልፍ ተጫነችው። የፈተናው የመጀመሪያ ገጽ ቦግ አለ። «ስምዎን ይጻፉ» ይላል፤ ስም የለበትም። መልሳ አጠፋችው።

«አየህ?» አለችው ሳጅኑን።

«አየሁ። አንድ ጀማሪ ስክሪኑን ብቻ አጥፍቶ ኮምፒውተሩን ያጠፋ መስሎታል። ይኸው! ሰውዬአችን ነው። ኮምፒውተር አይችልም ተብሎ አይደል የወደቀው?»

«ኮምፒውተሩ ሲሠራ እንዳደረ ለማንም እንዳትናገር። ለማንም! ለሐኪሙም ቢሆን።»

«እሺ። ግን እስከ ምሳ ሰውዬውን ጣቢያ ካላደረስኩ አለቃ ይቆጣል።»

«እስከ ምሳ ጊዜ አለን» አለች መርማሪዋ።

ዳይሬክተሩ በቢሮው በር ላይ ቆሞ ተቀበላት። ሃምሳውን ያለፈ፣ ከረባቱ የማይዛነፍ፣ ድምፁ ለመድረክ የተሠራ ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለው ኮምፒውተር ዳንቴል ለብሷል፤ ኪቦርዱ ላይ ጋዜጣ ተዘርግቶበታል። ወንበር ስቦላት ሳያበቃ ስለ ዲጂታል ዘመን ጀመረ። መርማሪዋ ንግግር ሲረዝም ዓይኗ ይከብዳል፤ ትንሽ ከብዷት ነቃች።

«ሟቹን መጨረሻ ያዩት መቼ ነው?»

«ፈተናው እንዳለቀ እዚህ ቢሮዬ መጥቶ ተሰናበተኝ። ጨዋ ሰው ነበር። ከዚያ እኔም ወደ ቤቴ።»

«በፈተናው ጊዜ እርስዎ የት ነበሩ?»

«እኔማ ተፈትኜ ጨርሼ ነበር» ብሎ ፈገግ አለ። «ዘንድሮ ሠራተኛውም ይፈተን ተብሏል። መሪ ምሳሌ መሆን አለበት ብዬ በጠዋት፣ ሌላው ሳይጀምር፣ ቀድሜ ተቀመጥኩ።»

«አለፉ?»

ዳይሬክተሩ ጥያቄው ራሱ አስቆት እጁን አወራጨ። «ለምረቃ ቀን የሁሉንም ሰርተፊኬት የምሰጠው እኔ እኮ ነኝ! ይልቅ፣ እኔ ሰው መወንጀል አልወድም፤ ግን የዛቻውን ነገር ሰምተዋል መሰለኝ። ሰውዬው ግልፍተኛ ነው። በጊዜ ብትይዙት ለትምህርት ቤቱም ስም ጥሩ ነው።»

«የሟቹን ፎቶ ብታገኙልኝ? ለቤተሰቡ ማሳወቅ አለብን።»

«ከምደባ ደብዳቤው ጋር በኢሜይል ተልኮልኛል። አስተማሪዋ አውጥታ ትልክልዎታለች» አለ ዳይሬክተሩ ዳንቴሉን በጣቱ እያቃና። «እኔ እንዲህ ላለ ጥቃቅን ነገር ጊዜ የለኝም።»

አስተማሪዋ ገና ወጣት ናት። ስታለቅስ ቆይታ ፊቷ አብጧል። ሬሳውን ያገኘችው እሷ ናት። መርማሪዋ አጠገቧ ተቀምጣ ልጅቷ ራሷ እስክትጀምር ጠበቀች።

«ጋሽ ፍሬን አላደረጉትም» አለች አስተማሪዋ። «ተቆጥተው ነው እንጂ ዝንብ አይገድሉም።»

«ጋሽ ፍሬን?»

«እኛ ያወጣንላቸው ስም ነው። ዕድሜያቸውን በሙሉ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። ማውሱን ሲይዙ እግራቸው ወለሉን ይረግጣል። ቀስቷ የት ልትሄድባቸው እንደሆነ እንጃ፣ ፍሬን ይይዛሉ።» ፈገግ ልትል ሞከረች፣ አልሆነላትም። «እሳቸውም ይስቃሉ። ትናንት ግን የሚያውቁትን ነው የወደቁት። እጃቸው ተንቀጠቀጠ። ለፈታኙም ነግሬዋለሁ፤ ትንሽ ተጨቃጨቅን እንኳ።»

«አንቺስ ተፈተንሽ?»

«መጨረሻ ላይ። ጠዋቱን መብራት አልነበረም፣ እጃችንን አጣጥፈን ነው የዋልነው። ከምሳ በኋላ መብራቱ ሲመጣ መጀመሪያ ተማሪዎቹ፣ ቀጥሎ እኔ። እንዳለቀልኝ ወጣሁ።»

«እዚያ ክፍል ሶኬቶቹ ሁሉ ለምን ይነቀላሉ?»

«መብራት ሄዶ ሲመጣ እየበረታ ሁለት ኮምፒውተር አቃጠለብን። ከዚያ ወዲህ ሕጌ ነው፤ ዘግቶ ሶኬት ያልነቀለ ሰው በማግስቱ ክፍሉ ፊት ቆሞ ይዘፍናል። ጋሽ ፍሬን በመጀመሪያው ሳምንት ዘፍነዋል። እንዴት ያለ ድምፅ መሰለዎት፣ ከዚያ በኋላ ማንም ረስቶ አያውቅም።»

ቀጥላ ያነጋገረቻት ልብስ ሰፊዋን ነው። ጎበዝ ተማሪ ናት፤ ፈተናውን በመጀመሪያ የጨረሰችው እሷ ናት ይባላል። ጓደኞቿን ስትጠብቅ ቆይታ ከሁሉም መጨረሻ እንደወጣች ተናገረች።

«አስተማሪዋ ከወጣች በኋላ እኔ ነኝ ዞሬ ሶኬቱን ሁሉ ያየሁት። አንድም የተሰካ አልነበረም። ቆልፌ ቁልፉን ሰቀልኩት።»

«ፈታኙ የት ነበር?»

«ቦርሳውን ይዞ ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ሲገባ አየሁት። እግዜር ይማረው፣ ደክሞት ነበር።» ልብስ ሰፊዋ ድንገት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እሜቴ፣ ጋሽ ፍሬንን ሊወስዷቸው ነው? ልጃቸው ከግቢው በር ውጭ ቆማ ታለቅሳለች።»

ጋሽ ፍሬን ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው መሃል ጨብጠዋል። ግዙፍ ሰው ናቸው፤ ከፍርሃት የተነሳ ግን አንሰው ይታያሉ። መርማሪዋ ስትገባ ሊነሱ ሞከሩ።

«ይቀመጡ፣ ወንድሜ። ለምን ዛቱበት?»

«ተናድጄ ነው፣ እህቴ። ምን ልበል?» አሉ። «ዓይኔ ደከመና ከመሪ አወረዱኝ። ድርጅቱ ስምሪት ክፍል ኮምፒውተር አስገብቶ፣ ሰርተፊኬት ካመጣህ እዚያ ትቀመጣለህ፣ ካላመጣህ ግን በቃህ አለኝ። ልጄ ትምህርቷን አልጨረሰችም። እናቷ የለችም። እና ያ ሁሉ እዚያች አይጥ የምታክል ነገር ላይ ሲንጠለጠል እጄ አልታዘዝ አለኝ። አፌ ያመጣልኝን ተናገርኩ።»

«ማታ ለምን ተመለሱ?»

«ልለምነው። ይቅርታ ልለው። በሩ ዝግ ነበር፣ መብራት ግን በርቷል። ላንኳኳ ስል ድምፁን ሰማሁት። ‹አይቸኩሉ፣ ከመጀመሪያው እንጀምር› ይላል።»

«ለማን?»

«እንጃ፤ ሌላኛው አይናገርም። የማያውቅ ሰው ዝም ነው የሚለው፤ እኔም ስፈተን ዝም ነበር ያልኩት።» ቀና ብለው አዩዋት። «ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው። ለሌላ ሰው ዳግመኛ ዕድል ከሰጠ ለኔም አይነፍገኝም ብዬ ሳላስቸግረው ተመለስኩ። ጠዋት ልመጣ።»

መርማሪዋ ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ሐኪሙ ስልክ ደወለላት። ሟቹ የተገፋ ይመስላል፤ ወድቆ ጭንቅላቱ ብረቱን መቷል፤ ግን ወዲያው አልሞተም፣ ሰው ቢጠራለት ይተርፍ ነበር አላት። ስልኩን ዘግታ ለጥቂት ጊዜ ዓይኗን ጨፈነች። ማን እንደሆነ አውቃለች፤ ማወቋ ግን አላስደሰታትም።

«ሰውዬውን ልውሰድ?» አለ ሳጅኑ ሰዓቱን እያየ።

«ያነጋገርኳቸውን አራቱንም ሰዎች ኮምፒውተር ክፍል ሰብስብልኝ። አራት ኮምፒውተር አብራና የፈተናውን ገጽ ክፈትበት። ሁለት በዚህ ግድግዳ፣ ሁለት በዚያኛው። ጀርባ ለጀርባ ይሁኑ።»

«ለምን?»

መርማሪዋ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅ አለች። «አየህ፣ አንተንም ለመደብህ።»

ሬሳው ተነስቷል፣ ወለሉ ታጥቧል። አስተማሪዋና ልብስ ሰፊዋ በግራ፣ ጋሽ ፍሬንና ዳይሬክተሩ በቀኝ ተቀመጡ፤ በሁለቱ ወንዶች መሃል ባዶ ወንበሮች አሉ። ዳይሬክተሩ ይህ ሁሉ ድራማ ለምን እንዳስፈለገ አጉረመረመ።

«አጭር ፈተና ነው» አለች መርማሪዋ። «ሥራችሁን ጨርሳችሁ ልትሄዱ ነው እንበል። እንደ ሁልጊዜው ኮምፒውተሩን አጥፉና ተነሱ። ወደ ሰው ማየት የለም። ጀምሩ።»

ልብስ ሰፊዋ ሁለት ጊዜ ጠቅ ጠቅ አድርጋ ዘጋችው፤ ስክሪኑ እስኪጨልም ጠብቃ ሶኬቱን ነቀለች። አስተማሪዋም እንደዚያው። ጋሽ ፍሬን ላብ አጠመቃቸው፤ ቀኝ እግራቸው ወለሉን ይረግጣል፣ ቀስቷ አንዴ አልፋ ሄደችባቸው፣ መለሷት፣ በመጨረሻ ተሳካላቸው። ኮምፒውተሩ ጸጥ ሲል ጎንበስ ብለው ሶኬቱን ነቀሉና በረጅሙ ተነፈሱ።

ዳይሬክተሩ ግን ከሁሉም ቀድሞ ተነስቷል። የስክሪኑን ቁልፍ በጣቱ ተጭኖ፣ ከረባቱን አስተካክሎ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል።

«ጨረሱ?» አለችው መርማሪዋ።

«ጨረስኩ።»

በጸጥታው ውስጥ የሳጥኑ ሽውታ ብቻ ይሰማል። አስተማሪዋ አፏን በእጇ ያዘች።

«ምንድነው?» አለ ዳይሬክተሩ። ፊታቸውን በየተራ አየ። «ምን ሆናችሁ? ጠፍቷል እኮ!» ወደ ጨለመው ስክሪን አመለከተ። «ጠፍቷል!»

«አልጠፋም» አለች መርማሪዋ በቀስታ። «የትናንቱም አልጠፋም ነበር። እስከ ዛሬ ጠዋት ሲሠራ ነው ያደረው። ሳጅን ይህን ሲያይ ጀማሪ ያደረገው ነው አለኝ፤ ልክ ነበር። የተሳሳተው ጀማሪው ማን እንደሆነ ላይ ነው። የዚህ ክፍል ጀማሪ ዘግቶ ሶኬት ይነቅላል፤ መዝፈን አይፈልግማ። ሁሉም ነቅለው ነበር፤ የቀረች እንደሌለች ልብስ ሰፊዋ አይታለች፣ ቆልፋም ሄዳለች። ስለዚህ ከዚያ በኋላ ሰው ገብቶ አንዱን ሰክቷል። የሰካው ፈታኙ ራሱ ነው፤ ስክሪኑን ሳበራው ያገኘሁት የፈተናውን ገጽ ነው፣ ስም ያልተጻፈበት። አመሻሽ ላይ ሰው እየፈተነ ነበር። ድምፁን ጋሽ ፍሬን ሰምተዋል።»

«ሰማሁ ያለው እሱ ራሱ ነው!» አለ ዳይሬክተሩ።

«እውነትዎን ነው፤ እንበልና ዋሹ። እሳቸው ግን ተፈትነዋል። ተማሪው ሁሉ ተፈትኗል፣ አስተማሪዋም። ታዲያ ማን ቀረ? እርስዎ በጠዋት ተፈትኛለሁ አሉኝ።» መርማሪዋ ድካሟ በድምፅዋ ይሰማል። «ጠዋት መብራት አልነበረም። እርስዎ ይህን የረሱት መብራት መኖር አለመኖሩ ለሥራዎ ለውጥ ስለሌለው ነው። ኮምፒውተርዎን ዳንቴል አልብሰውታል። የአንድ ሰው ፎቶ ለመላክ እንኳ አስተማሪዋን ይጠራሉ።»

«ማንም ሰው ይሳሳታል! በመሳሳት ሰው ገዳይ ይባላል?»

«አይባልም። ግን ተማሪው ከወጣ በኋላ ፈታኙ የገባው እርስዎ ቢሮ ነው። ተሰናብቶኝ ሄደ ያሉኝ ሰው ግን ተመልሶ በዚህ ክፍል ከአንድ ተፈታኝ ጋር ተቀምጧል። ከእርስዎ በቀር ያልተፈተነ የለም፤ እርስዎም እንደተፈተኑ አድርገው ዋሹኝ። ለምን?»

የዳይሬክተሩ ዓይን ወደ ኮምፒውተሩ፣ ከዚያ ወደ ተነቀሉት ሦስት ሶኬቶች ሄደ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ፤ የመድረክ ድምፁ የለም።

«ማንም በሌለበት ፈትነኝ ብዬ ለመንኩት» አለ። «እሺ አለ። ‹ስምዎን ይጻፉ› አለኝ። ፊደሎቹ የት እንዳሉ ጠፋብኝ። ከመጀመሪያው እንጀምር ይለኛል፤ ይታገሰኛል፤ መታገሱ ነው የገደለኝ። በቃ አሳልፈኝ፣ ለስም ነው አልኩት። እምቢ አለ። ‹ያንን ሹፌር ነገ ጠዋት ድጋሚ ልፈትነው ነው፤ ያውቃል፣ እጁ ነው የከዳው። እርስዎ ግን አያውቁም፣ እንደዚያው ብዬ እጽፋለሁ› አለኝ። በተማሪዎቼ ፊት፣ በሠራተኞቼ ፊት… ገፋሁት። መግፋት ብቻ ነው።»

«ሲወድቅ ይተነፍስ ነበር» አለች መርማሪዋ።

ዳይሬክተሩ ከረባቱን በጣቱ አላላ።

«ሰው ከመጥራትዎ በፊት ኮምፒውተሩን አጠፉ። ከዚያም አልጠሩም።»

«ስሞክር የነበረውን እንዳያዩብኝ ነው» አለ ድምፁ ተቆራርጦ። አስተማሪዋ ፊቷን አዞረች።

ጋሽ ፍሬን ከወንበራቸው ተነሱ። ሳጅኑ ሊይዛቸው ራመድ አለ፤ መርማሪዋ በእጇ ከለከለችው።

«ድጋሚ ሊፈትነኝ ነበር?» አሉ። «እውነት?»

ዳይሬክተሩ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«አንተ ሰው፣ እኔን ልታስበላኝ ነበር። ልጄ በር ላይ ናት። በጊዜ ያዙት ብለሃል አሉ።» ድምፃቸው ከፍ አለ፤ ግዙፍ እጃቸው ተጨብጧል። ሊመቱት ነው ብሎ ያልጠበቀ ሰው በክፍሉ ውስጥ አልነበረም። «አስተማሪዋ እዚሁ አለች! አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ አጠገቤ ብትቀመጥ ምን ነበረበት? እኔ በሸመገልኩበት ስዘፍን ማን ገደለኝ?»

ጋሽ ፍሬን ቁጣቸው ወጥቶላቸው ሲያበቃ እዚያው ፊቱ ቆመው ቀሩ። ቀስ ብለው ጎንበስ አሉና የስክሪኑን ቁልፍ ተጫኑት። የፈተናው ገጽ ተመልሶ በራ።

«ይህ የሚያሳይህ ነው እንጂ ኮምፒውተሩ አይደለም» አሉ። ማውሱን ያዙ፤ እግራቸው ወለሉን ረገጠ። «መጀመሪያ እዚህ ጥግ ላይ አንዴ ጠቅ። ዝርዝሩ መጣ? ይህችን። አሁን ‹ዝጋ› ይልሃል። እሱን።»

ሳጥኑ ጸጥ አለ። ዳይሬክተሩ ሳጥኑን ሲያይ ቆየ።

«ይኸው ነው?» አለ።

«ይኸው ነው።»

ዳይሬክተሩ በሁለት እጁ ፊቱን ያዘና ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ሳጅኑ ካቴናውን አውጥቶ ጠበቀ። ሰውዬው ትንሽ ሲረጋጋ እንባውን በከረባቱ ጠረገና ማንንም ሳያይ ተናገረ።

«አንዴ ራሴ ልሞክረው?»

ሳጅኑ ሰዓቱን አየ፣ መርማሪዋን አየ። እሷ ቅርቧ ያለውን ወንበር ስባ የታመመ ጉልበቷን ዘርግታ ተቀመጠች።

«ይሞክር» አለች።

ጋሽ ፍሬን ኮምፒውተሩን መልሰው አበሩና ማውሱን ወደ ዳይሬክተሩ ገፉለት።